ግራኟ ጀልባ

እታለም እንቅልፍ የጠገበችው መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ አታስታውስም። እታለምም ቢሆን ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እታለም አላት፤ ጎረቤት ከሱ ሰማ፣ ወደቡ ከጎረቤት ሰማ፣ በመጨረሻ የገዛ አባቷ ሳይቀር እታለም ይላት ጀመር። አባት ልጁን እታለም ብሎ ሲጠራ የት ታይቷል? እሷ ግን አቤት ትላለች። ሌላ ነገር ለማለት ጊዜም አልነበራት።

ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። አባቷን ትቀሰቅሳለች፣ ወይም ቀድሟት ተነስቶ በጨለማ ጫማውን ሲፈልግ ታገኘዋለች። ወደ ጀልባዋ ይወርዳሉ፣ ውሃ ላይ ይውላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ከዚያ መረብ ማጠብ፣ ገንዳ ማጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ራት መሥራት፣ ሳህን ማጠብ። "በዚህ ቤት ያልታጠብኩት እኔ ብቻ ነኝ" እያለች ትቀልዳለች። ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ነው። ክንዷ እስከ ብብቷ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ መዳፏ ተሰነጣጥቆ ቅባት አልገባው ብሏል፣ ወገቧ ደግሞ ጎንበስ ባለች ቁጥር ይቆረጣል።

ዓሣ ማጥመድ ከባድ ነው ይላል የማያውቅ ሰው። ማጥመዱስ እሺ፣ ይጠመዳል። የነሱ ጣጣ ያጠመዱትን ሳይሞት ማድረስ ነው። ተረካቢዋ፣ ያቺ መኪናዋ ላይ ትልልቅ የውሃ በርሜል ጭና ወደቡ ላይ የምትጠብቃቸው ሴትዮ፣ የምትወስደው የቁም ዓሣ ብቻ ነው። ጭራውን ይዛ ታነሳዋለች። ከተወራጨ ወደ በርሜሏ፣ ካልተወራጨ "ይሄ ለድመት" ብላ ወደ ጎን። ስለዚህ ጀልባዋ መሀል ላይ የዓሣ ገንዳ አለ። ውሃው የሚገባው ከጀልባዋ ሆድ ሥር በተበጀ ቀዳዳ ነው፤ ጀልባዋ ስትሄድ በራሱ ጊዜ እየተገፋ ይገባል፣ ትርፉም በጎን ባለ ቱቦ ተመልሶ ይወጣል፣ ዓሣውም ገና እቤቱ ያለ ይመስለዋል። ፓምፕ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ ያለው በመግቢያው ቱቦ ላይ የተገጠመ አንድ ቫልቭ ብቻ ነው።

የዚህ ቤት ዕድሜ አሳጣሪ እንግዲህ ያ ቫልቭ ነው። ጥሩ ውሃ ላይ ሲደርሱ ይከፈታል። ሲመለሱ፣ የወደቡ ግንብ ጋ ሳይደርሱ፣ ይዘጋል። ከግንቡ ወዲህ ያለውን ውሃ ውሃ ብሎ መጥራት ውሃን መስደብ ነው፤ ትልልቆቹ መርከቦች ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት የሚተፉበት ጥቁር ነገር ነው። ቫልቩ በጊዜ ከተዘጋ ዓሣው በንጹሁ ውሃ ውስጥ እንዳለ እስከ ተረካቢዋ መኪና ይደርሳል። ከተረሳ ያ ጥቁር ነገር ገንዳው ውስጥ ይገባና የቀኑ ልፋት ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። ሁለት ሰው ከጎህ ጀምሮ የለፋው ለድመት ይሆናል ማለት ነው።

የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ለሰው ልጅ ታስቦ አይደለም። ከሞተሩ አጠገብ ካለው መቀመጫ ሥር፣ ከሳንቃው በታች፣ ክንድን እስከ ትከሻ አስገብቶ በዳበሳ ነው የሚገኘው። የጥንቱ እጀታ ተሰብሮ አባቷ ከወዳደቀ ብረት መሀል ሌላ ፈልጎ ገጠመለት፤ ቀዳዳው ግን በወጉ አልገጥም ብሎ እጀታው ዞሮ ገባ። የትም ቢኬድ የቫልቭ እጀታ ከቱቦው ጋር አብሮ ከተኛ ክፍት ነው፣ ቱቦውን ካቋረጠ ዝግ ነው። በነሱ ጀልባ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ አብሮ ከተኛ ዝግ፣ ካቋረጠ ክፍት። አባቷ "ጀልባችን ግራኝ ናት፣ ምን ታድርግ፣ እንዲህ ሆና ከመጣች እንዲሁ ትኑር" ብሎ ተዋት። አባትና ልጅ እጃቸው ለመደው። ክፍትና ዝጉን የሚያውቁት አስበውት ሳይሆን ነክተውት ነበር።

ከዚያ መርሳት መጣ። አንድ ቀን አባቷ ቫልቩን ሳይዘጋ ወደብ ገባ፤ ዓሣው አለቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቦታ ሲቀይሩ ዘግቶት ኖሮ መክፈቱን ዘነጋ፤ ዓሣው ታፍኖ አለቀ። ሰው ነው፣ ይረሳል፣ ተባለና ታለፈ። ወንድሟ ግን አላለፈውም። ከኪሱ መፍቻ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ራሱን መፍቻ ብሎ ነው የሚጠራው። ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ከውሃ ሥራ ከወጣ ቆይቷል፣ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የሚወዱትን ሰው መቆጣት ግን ይችልበታል።

"ዛሬ ቫልቭ ነው" አለው አባቱን። "ነገ ሞተር ነው። ከነገ ወዲያ እታለምን ውሃ ውስጥ ረስተሃት ትመጣለህ።"

አባቷ ቀና ብሎ "ሌላ አንድ ጊዜ ካጠፋሁ፣ ማንም ውረድ ሳይለኝ ራሴ እወርዳለሁ" አለ።

ቃሉን እንደማያጥፍ ሁለቱም ያውቃሉ። ከጀልባዋ ከወረደ በኋላ ምን እንደሚሆን ማሰብ ግን እታለም አትፈልግም ነበር። አባቷ ውሃ ላይ ሙሉ ሰው ነው፤ ሰማዩን አይቶ ንፋሱን ይናገራል፣ ገመድ አንስቶ በአንድ እጁ ይቋጥራል። ቤት ሲገባ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ግባ ሳይባል የገባ እንግዳ ይመስል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል።

ስለዚህ ዘዴ አበጀች። ግንቡ ሲቃረብ አባቷ ክንዱን ከሳንቃው ሥር ሰድዶ "ተዘግቷል" ይላል። እሷ ትንሽ ትቆይና "ይሄ ጨርቅ ደግሞ የት ገባ" እያለች ትነሳለች። ጨርቁ ያለው እዚያው ሳንቃው ሥር ነው፤ እዚያ የምታስቀምጠውም ራሷ ናት። ጨርቁን ስትስብ እግረ መንገዷን እጀታውን ትዳብሳለች። ከቱቦው ጋር አብሮ የተኛ ከሆነ ጨርቋን ይዛ ተመልሳ ትቀመጣለች። አባቷ ይወቅ አይወቅ እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን እንኳ "ምን የሚጠረግ ነገር ኖሮ ነው" ብሏት አያውቅም።

አንድ ሳምንት አባቷን ብርድ መታውና ተኛ። መፍቻ አጋጣሚውን አገኘሁ ብሎ ከጋራዡ ሲወጣ እየመጣ ጀልባዋን ሲፈታ ሲገጥም ሰነበተ። ሞተሩን አጠበ፣ የላላውን አጠበቀ፣ የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ ቀየረ። አባቷ ሲሻለው እሁድ ለት "እስቲ እንዴት እንደምትሄድ ልያት" ብሎ አብሯቸው ወጣ። ጥሩው ውሃ ላይ ሲደርሱ ከሁሉ ቀድሞ ጎንበስ አለና "ገንዳውን ከፍቻለሁ፣ ውሃው እየገባ ነው፣ እናንተ መረባችሁን ያዙ" አላቸው። ውሃው እውነትም እየገባ ነበር። ዓሣውም ያን ቀን አላስቸገረም፣ ገንዳው ሞላ። የጋራዥ ኑሮ ግን የመፍቻን ሆድ ማዕበል አስረስቶት ኖሯል። ሲመለሱ ፊቱ አመድ መስሎ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ በጀርባው ተጋደመ። አባቷ ከልቡ ሳቀበት። እሱ ሲስቅ ካየች ብዙ ጊዜዋ ነበርና እሷም ሳቀች።

ግንቡ ሲታይ አባቷ ክንዱን አስገባ። ትንሽ ዳበሰና "ተዘግቷል፤ ይሄ በሽተኛ ዘግቶት ነው መሰለኝ" አለ። እታለም ጨርቋን ፈለገች። እጀታው ከቱቦው ጋር አብሮ ተኝቷል። ደህና። ተመልሳ ተቀመጠችና እስኪደርሱ ዓይኗን ጨፈነች።

ወደቡ ላይ ተረካቢዋ ማውጫ መረቧን ገንዳው ውስጥ ሰደደች። አንዱን ጭራውን ይዛ አነሳችው፤ አልተወራጨም። ሌላ አነሳች፤ ያም አልተወራጨም። ከዚያ በኋላ ማንሳቱን ተወችው።

"አባባ" አለች ቀስ ብላ፣ "ውሃዎ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።"

መፍቻ የእጅ ባትሪውን ይዞ ከሳንቃው ሥር አጎነበሰ። ቀና ሲል የአባቱን ፊት ማየት አልፈለገም።

"ክፍት ነው አባዬ" አለ።

አባቷ ገንዳውን አየ። ከዚያ የገዛ እጁን አየ። "ረሳሁት ማለት ነው" አለ። የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ለመፍቻ ሰጠውና፣ ደግፉኝም ሳይል፣ ወደ ኋላም ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ። መፍቻ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ቀረ። ቃሉን የሰጠው ሽማግሌው ራሱ ነው።

እታለም አፏን ከፍታ ነበር። ነክቼዋለሁ፣ በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ፣ ዝግ ነበር ልትል። ግን ክፍት ነው ተብሏል፤ መብራት በርቶ በዓይን ታይቷል። ታዲያ እሷ የነካችው ምንድነው? ምናልባት ጨርቁን ብቻ ስባ ነው የተመለሰችው። ምናልባት የነካችው የመሰላት ከልምዷ ነው። እንዲህ በቁሟ የምታንቀላፋ ሰው እጇ ምን ይታመናል? አፏን መልሳ ገጠመች።

ተረካቢዋ መልካም ሴት ናት። ወሬው ከሰፈር ሳይወጣ ቤት ድረስ መጣችና እታለምን በር ላይ አነጋገረቻት። "የኔ በርሜሎች ጠባቂ ይፈልጋሉ" አለቻት። "ውሃ መቀየር፣ የሞተ ካለ ማውጣት፣ ሌላ ነገር የለውም። ጣሪያ ሥር ነው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ትመጫለሽ። መቀመጫም አለሽ።"

መቀመጫ። እታለም ያን ቃል ይዛ አልጋዋ ላይ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቅም። ስትነቃ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበር። ማንም አልቀሰቀሳት። ተኝታ ጣሪያውን አየች፤ ክንዷ ደረቅ ነው፣ እግሯ ደረቅ ነው፣ ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ለካ ሰው እንዲህም ይኖራል አለች።

መፍቻ ለጀልባዋ ገዢ አፈላልጎ አገኘ። "ሰውዬው ቅዳሜ መጥቶ ያያታል፣ እስከዚያ ገንዳውን አጠብ አጠብ አድርጊው" አላት። በጠራራ ፀሐይ ወረደች። ለሰው የምትታይ ስለሆነች ደህና አድርጋ ልታጥባት ሳንቃዎቹን ሁሉ አነሳች። ከመቀመጫው ሥር ያለውንም አነሳች። እዚያ ሥር ፀሐይ ገብቶ አያውቅም።

እጀታው አዲስ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ገና ጭረት ያላገኘው። ከቱቦው ጋር አብሮ ተኝቷል።

እጇን ቱቦው ላይ ስታሳርፍ ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ውሃው ሲመላለስ ተሰማት። እጀታውን አዞረችው፤ ቱቦውን አቋረጠና ውሃው ዝም አለ። መለሰችው፤ ውሃው መጣ። እንደገና አዞረችው፣ እንደገናም መለሰችው። ከዚያ ባልዲው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

መፍቻ ነዋ። ያ ደግ ልጅ። ዞሮ የተገጠመ እጀታ አይቶ አስተካክሎላቸዋል። ለማንም አልነገረም፤ ምኑን ይነግራል፣ የድሮው የተሰበረው እሱ ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው፣ ግራኝነቷን ማን ነግሮት? በአባቷ እጅ ግን ያ አኳኋን ዝግ ነበር። በሷም እጅ ዝግ ነበር። ሽማግሌው ምንም አልረሳም። እጁን አስገብቶ፣ ዳብሶ፣ እውነቱን ተናግሮ ነበር።

ተነስታ መሮጥ ነበረባት። አልሮጠችም። ይሄን ከተናገረች ቁልፉ ይመለሳል። ቁልፉ ከተመለሰ ጎህ ይመለሳል፣ እርጥብ እጅጌ ይመለሳል፣ ጨርቅ ፍለጋው ይመለሳል፣ መቀመጫዋ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ሳንቃውን በቦታው መልሳ ገንዳውን አጠበች።

በማግስቱ ተኛች። በማግስቱም ማግስት ተኛች። ነገ ማለትን የመሰለ ምቹ ቃል የለም፤ ሰውን ሳይዋሹ ያሳድራል።

አባቷ በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ እያነሰ ሄደ። ሊጠይቁት ለሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ "ረሳሁት" ብቻ ነበር የሚለው። ቀጥሎ "ሐሳብ ይዞኝ ነው" አለ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ወፍ አበጀ። "ግንቡ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ቆማ ነበር" ይላል። "አንድ እግሯን አጥፋ። እጄን ወደ እጀታው ሰድጄ፣ እሷን ሳይ መልሼ አወጣሁት። ወፏ አታላኝ ነው እንጂ ዓሣውን አልፈጀውም ነበር።" ጎረቤቱ ከንፈሩን ይመጣል። አንድ ቀን አባቷ ወደ እታለም ዞሮ "አንቺም አይተሻት የለ?" አላት። ሰው ፊት ምን ትበል። አዎ አለች። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ለኀፍረቱ መሸፈኛ ፈልጎ ነው ብላ፣ አዎ አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠፈች ሳለ አባቷ ከማድ ቤት ጠራት።

"እታለም፣ ነይ እስቲ። ይሄን ቧንቧ ዘግቼዋለሁ?"

መጥታ አየች። ዝግ ነው፣ ጠብ የሚል የለም።

"ዘግተኸዋል አባዬ።"

"ነክተሽ እዪው።"

ነካችው። እሺ ብሎ ሄደ። ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠራት። እዚያው ቧንቧው ፊት ቆሟል፤ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞታል፣ ዓይኑ እጁ ላይ ነው። "አሁንስ?" አላት።

ያ እጅ ያን ቀን አልዋሸም ነበር። እታለም ከዚያ በላይ ነገ ማለት አልቻለችም።

"ጫማህን አድርግ፣ ጀልባዋ ጋ እንሂድ።"

"ምን ላደርግ?"

"አድርግ ብቻ አባዬ።"

በመንገድ መፍቻን ከጋራዡ ጠራችው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሦስቱም ወረዱ። አባቷ እግሩን ጀልባዋ ላይ ሲያሳርፍ የሰው ንብረት የረገጠ ይመስል ቀስ አለ።

"እጅህን አስገባና ንገረኝ" አለችው። "ክፍት ነው ዝግ?"

አመነታ። ከዚያ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደ። ዳበሰ። "ዝግ ነው" አለ፣ ወዲያው ደግሞ "አይደል እንዴ?" ጨመረበት።

መፍቻ ሊናገር ሲል በዓይኗ ዝም አሰኘችው። "አሁን አንተ" አለችው።

መፍቻ አስገባ። "እንዴ" አለ። "ከቱቦው ጋር ተኝቷል እኮ። ክፍት ነው።"

እታለም ሳንቃውን አነሳች። ቀዩ እጀታ ፀሐይ ላይ ወጣ። መፍቻ እጀታውን አየ፣ አባቱን አየ፣ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው መቀመጫው ላይ ተቀመጠ።

"ዞሮ የተገጠመ መስሎኝ" አለ። "የተጣመመ መስሎኝ እኮ ነው በአዲስ ቀይሬ ያቃናሁት። አባዬ፣ ዓሣውን የፈጀሁት እኔ ነኝ።" ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋለት። አባቷ ገና አልተቀበለም።

"ያን ቀን እኔም ነክቼዋለሁ" አለች እታለም። "ጨርቅ ፍለጋ እያልኩ ሁልጊዜ እነካዋለሁ። ዝግ ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አልረሳህም አባዬ። ምንም አልረሳህም።"

ሽማግሌው ቀና አለ። ለጥቂት ጊዜ ድሮ የምታውቀው አባቷ ፊቷ ቆመ፤ ትከሻው ተመለሰ፣ ዓይኑ ወደ ውሃው ተመለሰ። ከዚያ ወደሷ ዞረ።

"መቼ አወቅሽ?"

"ገንዳውን ሳጥብ።"

"ሰነባብቷል በያ።"

"እነግርሃለሁ እያልኩ ተኛሁ" አለች። "ደክሞኝ ነበር። ደክሞኛል አባዬ።" ይህን ቃል ለሱ ተናግራው አታውቅም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ ቢሰድባት፣ ባይሆን ፊቱን ቢያዞርባት። እሱ ግን የሚያውቀውን ነገር እንደነገሩት ሰው ራሱን ነቀነቀ።

"ወፏስ?" አለ።

"የትኛዋ?"

"ነጯ ነቻ። አንቺም አይተሻታል።"

"አላየሁም አባዬ። ሰው ፊት ስትጠይቀኝ ነው አዎ ያልኩት።"

ወደ መፍቻ ዞረ። መፍቻ ቁልፉን አገላበጠ። "በጀርባዬ ተጋድሜ ሰማይ ሰማዩን ነበር የማየው" አለ። "ወፍ አልነበረም።"

ሽማግሌው ወደ ግንቡ ተመለከተ፤ ግንቡ ላይ ምንም የለም።

"እጄን መልሼ ያወጣሁትን አስታውሳለሁ" አለ። "አልመለስኩትም አይደል? አስገብቼ ነክቼዋለሁ። ተዘግቷል ብያለሁ። እናንተም ሰምታችኋል።"

"ብለሃል" አለች።

"ወፏ ግን አሁንም ትታየኛለች። እግሯን አጥፋ።" ስለ ንፋስ እንደሚናገረው አድርጎ ነው የተናገረው። "እጀታው የመፍቻ ነው። ያልነበረችዋ ወፍ ግን የኔ ናት።"

የመፍቻን ጣቶች አንድ ባንድ ቁልፉ ላይ አጠፈለትና "ሰውዬው ነገ ሲመጣ ውሃዋን አሳየው፣ ጥሩ ጀልባ ናት በለው" አለው።

እታለም እጁን ያዘችው። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘችው እረፍት እነሆ እጇ ገባ፤ የሚቀበላት ባገኘች እዚያው በመለሰችው። "አባዬ፣ ነገ እንውጣ" አለች። "ደክሞኛል ያልኩህ ውሸቴን ነው። ጎህ ሳይቀድ እቀሰቅስሃለሁ።"

"አይ" አለ። እጇን ገልብጦ የተሰነጠቀ መዳፏን አየው። "ተኚ ልጄ" አላት። "ነገ ፀሐይ እስኪወጣ ተኚ።"